ሜሴጅ ገባ፣ ገንዘቡስ?

የተከበራችሁ ቡና አቅራቢዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች፣ በስልካችሁ ላይ ሱቅ የከፈታችሁ ወጣቶች፣ ከባንክ የመጣችሁ እንግዶች፤

ገንዘብን መርምሮ መቀበል ለጅማ አዲስ ነገር አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ቡናውንና ዝባዱን ይዞ የሚወጣ ነጋዴ የሚቀበለው የማሪያ ቴሬዛን ብር ነበር። ያ ብር በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ ላዩ ላይ የሚነበበው ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው፤ ዓመቱን ማየት ለሻጩ ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ የትከሻዋን ጌጥ ይመረምራል፣ የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ይመልሳል። ብሩን ያመጣው ሰው የታወቀ ሲራራ ነጋዴም ቢሆን ይህ ሲደረግ ቆሞ ይጠብቃል። የገበያው ሥርዓት ስለሆነ የሚቀየም የለም።

ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። አጭበርባሪው በዋናነት የሚተማመነው በስልኩ ችሎታ አይደለም፤ ሰው ፊት ቆመን ገንዘቡን ማጣራት በማፈራችን ነው። እሱ የሚነግደው በይሉኝታችን ነው።

እንዴት እንደሚሆን ላስታውሳችሁ። ኅዳር ነው እንበል፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከ11 አልፏል። የቡ ላይ አንድ አቅራቢ ጀንፈል ቡናውን አይሱዙ ላይ አስጭኗል። ገዢው በቴሌግራም የተገኘ ነው፤ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ገዝቶ በአግባቡ ከፍሏል። አሁን የመጣው ለትልቁ ጭነት ነው። ሰውየው ትሑት ነው፤ «ሀጂ፣ ልክ እንደ ልጅዎ ይዩኝ» ይላል። ስልኩን ይነካካና «ይኸው ልኬአለሁ» ብሎ ስክሪንሾቱን ያሳያል። ስሙ ትክክል፣ የሒሳብ ቁጥሩ ትክክል፣ የገንዘቡ መጠን ትክክል። ሀጂ ስልካቸውን ያያሉ፤ ምንም የለም። «ሲስተም የለም መሰለኝ» ይላል ልጁ። እዚህ ሀገር ይህን ሦስት ቃል ያልሰማ ማን አለ? እውነት ሆኖ ስለምናውቀው ውሸት ሆኖ ሲመጣ አንለየውም። ሾፌሩ ይጣደፋል፣ መንገዱ ይመሻል፣ ተሸካሚዎቹ ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ። በዚህ መሐል ሜሴጅ ቲክ ይላል። «ገባ!» ይባላል፤ አይሱዙው ይነሳል። ሰኞ ጠዋት ባንክ ቤት ሲሄዱ ሒሳቡ ላይ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችም።

ያ ሜሴጅ ከየት መጣ? መንገዱ ብዙ ነው። ከተራ የስልክ ቁጥር የተላከ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ የባንኩን አጻጻፍ ቃል በቃል የቀዳ። ቁጥሩ ለምን የባንክ ስም ይዞ ታየ ቢባል፣ ከሰዓታት በፊት «ስልክዎን አንዴ ያውሱኝ፣ የኔ ባትሪ ዘግቷል» ያለ ሰው የራሱን ቁጥር በባንኩ ስም መዝግቦበት ይሆናል። ይህ ምንም የኮምፒዩተር ዕውቀት አይጠይቅም። ስክሪንሾቱም እንዲሁ ነው፤ የትናንቱን እውነተኛ ደረሰኝ ወስዶ ቀኑንና አኃዙን መቀየር ለአንድ ጎረምሳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ እውነተኛው ደረሰኝ ነው፤ ገንዘቡ በእርግጥ ተልኳል፣ ነገር ግን አንዱን ደረሰኝ ለሁለት ሻጭ ያሳያሉ።

ደረሰኝን ማጣራት ግን ይቻላል። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምር መለያ ቁጥር አለው፤ በዚያ ቁጥር የባንኩ ገጽ ላይ ገብቶ ደረሰኙን ማየት ይቻላል። ቴሌብርም ለየክፍያው የግብይት ቁጥር ይሰጣል፣ በዚያም ደረሰኙን ከኢትዮ ቴሌኮም ገጽ ላይ ማውጣት ይቻላል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ገዢው የላከላችሁን ሊንክ አትጫኑ፤ የባንኩን ገጽ የሚመስል ሌላ ገጽ ሊከፍትላችሁ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ተቀበሉና እናንተ በምታውቁት መንገድ ግቡ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ደግሞ የራስን ሒሳብ መክፈት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ለንግድ ባንክ ኮከብ 889 መሰላል፣ ለቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል አለ፤ ተራ ስልክም ይሠራል። ከጭነቱ በፊት የነበረውን ቀሪ ሒሳብ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በኋላ ከሚታየው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ የተዋዋላችሁበት ገንዘብ ካልሆነ ጭነቱ ግቢ ውስጥ ይደር። ኔትወርኩም ኮከቡም እምቢ ካሉ መልሱ ያው ነው፤ ጀንፈል ቡና አንድ ሌሊት ቢያድር አይበላሽም። የመኪናውን የአንድ ቀን ኪራይ ማን ይክፈል የሚለውን ቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ ሰው የሚቸኩለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ትንሽ ወጪ ተገፍቶ ነው።

ይህን ስናገር ከወጣቶቹ አንዳንዱ «እኔ እኮ ደውዬ አጣራለሁ» እንደሚል አውቃለሁ። ወደ ማን ነው የምትደውለው? በዚህ ጉዳይ ሀገራችን ራሷ የገባችበት ታሪክ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ኒውዮርክ ሲቲባንክ ውስጥ ከነበረው ሒሳብ ላይ 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሐሰተኛ ሰነድ ወጣ። አጭበርባሪዎቹ የባንኩን የገንዘብ ማስተላለፊያ ትዕዛዝ አስመስለው ፈርመው ልከዋል። ከሰነዱ ጋር ደግሞ «ለማረጋገጥ ወደ እነዚህ ኃላፊዎች ደውሉ» የሚል ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ አያይዘዋል። የሲቲባንክ ሠራተኞች ሥርዓቱን ጠብቀው ደወሉ፤ ስልኩ ተነሳ፤ «አዎ፣ እኛ ነን ያዘዝነው» ተባለ። ከሃያ በላይ የሆነ ዝውውር ወደ ተለያዩ ሀገሮች ሄደ። ነገሩ የፈነዳው ብሔራዊ ባንክ «ይህን እኔ አላዘዝኩም» ሲል ነው። አንድ ተጠርጣሪ በሚቀጥለው ጥር ወር ሎስ አንጀለስ ላይ ተይዞ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቀረበ። የተደወለባቸው ቁጥሮች አጭበርባሪዎቹ የሰጧቸው መሆኑን ልብ በሉ። በዓለም ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ባንክ በዚህ ከተታለለ፣ አጋሮ ላይ አንድ ልጅ «ማናጀሩን ላገናኝዎ» ብሎ ስልኩን ሲያቀብላችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግልጽ ነው። ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127፤ እነዚህን ራሳችሁ ደውሉ። የቅርንጫፋችሁን ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ከራሱ ተቀበሉ።

ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶም ነገሩ የማያልቅበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ይህንን አያስበውም። ላፕቶፕ ወይም ባጃጅ በቴሌግራም የምትሸጡ በተለይ ስሙኝ። ሌባው ያንተን ባጃጅ ፎቶ ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ በርካሽ ይለጥፋል። ሚዛን ከተማ ያለ ሌላ ሰው ይደውልለታል። ሌባው ያንተን የሒሳብ ቁጥር ለሚዛኑ ሰው ይሰጠዋል፤ ለአንተ ደግሞ «ወንድሜ ይልክልሃል» ይልሃል። ገንዘቡ ይገባል፣ ሒሳብህን ከፍተህ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ባጃጁን ለሌባው ታስረክባለህ። በሳምንቱ የሚዛኑ ሰው ለፖሊስ ያመለክታል፤ ገንዘቡ የሄደው አንተ ጋ ነውና የሚታገደው ያንተ ሒሳብ፣ የሚጠራው ያንተ ስም ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ የላኪው ስምና ዕቃውን የሚረከበው ሰው ስም አንድ ካልሆነ አታስረክብ። መታወቂያውን እይ፣ ፋይዳውን ጠይቅ፣ ሁለት መስመር ውል ጽፋችሁ ተፈራረሙ። «በስህተት ገብቶብህ ነው፣ ወደዚህ ቁጥር መልስልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣም እንዲሁ ራስህ አትመልስ፤ ባንኩ በመጣበት መንገድ እንዲመልሰው አድርግ።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 6 ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ማሻሻያ ሲደረግለት ተሳስቶ፣ ሰው ሒሳቡ ላይ ከሌለው ገንዘብ እያወጣና እያስተላለፈ አደረ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሠራጨ፤ የእኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዜናው ውስጥ ነበሩ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ኋላ በሰጡት መግለጫ ችግሩ በነበረባቸው ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚሆን ግብይት ተካሂዷል፣ ባንኩ ሊያስመልሰው የሚገባው ደግሞ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚያ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ወጣ። በዚያ ሌሊት ስልኩን ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ካለ የተቀበለው የማንን ገንዘብ ነው? ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። በዲጂታል የሄደ ገንዘብ ሁሉ ዱካ እንደሚተውና ዱካው ሁለት ፊት እንዳለው ለማሳየት ነው፤ ሌባውን ይከተላል፣ ያልጠረጠረውን ተቀባይም ይከተላል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በድንገት ብዙ ገንዘብ ይዞ ዋጋ ሳይከራከር ውድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሲመጣ፣ ችኮላው የእሱ እንጂ የእናንተ አይሁን።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ጅማ ውስጥ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ሀገሪቱ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አንድ አይሱዙ ቡና በብር ሲታሰብ ድሮ የማናስበው ሀብት ሆኗል። ሌባም ይህን ያሰላል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በማግስቱም ዓመት ቡና ሲገባበት ብዙዎቻችን አጉረምርመናል። የሊሙ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር በደረጃ ተደባልቆ ስሙን አጣ፤ ይህ ወቀሳ ተገቢ ነበር፣ ዛሬም ተገቢ ነው። የምርት ገበያው መሥራች ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው ክፍያን በተመለከተ የሠሩት ሥራ ግን አሁን ስናጣው ነው ዋጋው የገባን። ሻጩ ቡናውን ጅማ ወይም ቦንጋ መጋዘን አስገብቶ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ደረሰኝ ይቀበላል። ገዢው ወደ ግብይት ከመግባቱ በፊት ገንዘቡን ለዚሁ በተለየ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጣል፤ የሌለውን ገንዘብ ጠርቶ መጫረት አይችልም። ዋጋው ሲስማማ ገንዘቡ በማግስቱ ለሻጩ፣ ቡናው ለገዢው ይሄዳል። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ መተዋወቅም አያስፈልጋቸውም፤ በመሐል ሁለቱንም የያዘ እጅ አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አቅራቢው ለላኪ በቀጥታ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ዋጋው ይሻላል፣ ቡናው ስሙን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ራሴ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ያ በመሐል የነበረው እጅ ተነሳ፤ በምትኩ ያስቀመጥነው ነገር የለም። «ቡናውን ልከህ አዲስ አበባ ሲደርስ ይከፈልሃል» የሚለው ንግግር ተመልሶ መጣ። ቡናው አንዴ ከሌላ ቡና ጋር በአንድ ማበጠሪያ ካለፈ በኋላ «የኔ ይህ ነው» ብሎ መለየት የሚችል ዳኛ አይገኝም።

ታዲያ ያንን እጅ በትንሹም ቢሆን ራሳችን መፍጠር እንችላለን። ውድ ዕቃ ስትሸጡ መገናኛው ባንክ ቤት ይሁን፤ ገዢው መስኮቱ ላይ ገንዘቡን ያስተላልፍ፣ ሠራተኛው ለእናንተ መግባቱን ይንገራችሁ፣ ከዚያ ርክክቡ ይሁን። ጭነቱ ትልቅ ከሆነ ክፍያውን ከፋፍሉት፤ ሲመዘን ይህን ያህል፣ ሲጫን ይህን ያህል፣ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ቀሪው። ሲፒኦ ከተሰጣችሁ ወረቀቱን አትመኑ፤ ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ወይም በባንካችሁ በኩል አስጠይቃችሁ አረጋግጡ። ቼክማ የሚታወቅ ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው፤ ሰጪው ቢታሰርም ቡናው ግን አይመለስም። ቀብድን በተመለከተ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥሩ ነገር አለው፤ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ተቀበሉ። ብቻ 20 ሺህ ብር ቀብድ ስለከፈለ የ2 ሚሊዮን ብር ጭነት በዱቤ መስጠት አለብን ማለት እንዳልሆነ አስታውሱ። ቅድም የነገርኳችሁ ትሑት ልጅም ሁለት ጊዜ በትክክል ከፍሎ ነበር፤ ያ ወጪው ነበር።

መኪና ለምትሸጡ የማክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊብሬውን ከውልና ማስረጃ በፊት ከእጃችሁ አታውጡ።

ወደ ውጭ ስለሚላክ ቡና ሁለት ነገር ልበል። በልዩ ጣዕም ቡና ስም እያወጡ ያሉ ማኅበራትና ወጣት ላኪዎች ከአውሮፓም ከእስያም ገዢ ጋር በኢሜይል ይነጋገራሉ። ላኪው ክፍያውን የሚያገኘው በባንክ በኩል ነው፤ በኤልሲ፣ በቅድሚያ ክፍያ ወይም ሰነድ ሲቀርብ በሚከፈል መንገድ። ኤልሲ ሲከፈት የገዢው ባንክ ራሱ ሰነዱ ከተሟላ እከፍላለሁ ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ ከማታውቁት ገዢ ጋር የመጀመሪያው ኮንቴይነር በኤልሲ ቢሆን ይመረጣል፣ ውድ ነው ብትሉም። ሁለተኛው፣ ሌባው ኢሜይላችሁ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ዝም ብሎ ሊያነብ ይችላል። ክፍያው ሲቃረብ በእናንተ ስም ለገዢው «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል፤ በአድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ልዩነት ይኖራታል። ገንዘቡን የሚያጣው ገዢው ቢሆንም ቡናው ወደብ ላይ የሚቀረው የእናንተ ነው። ውላችሁ ውስጥ «የሒሳብ ቁጥር በኢሜይል አይቀየርም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ለገዢውም ይህን ገና ስትተዋወቁ በስልክ ንገሩት።

ይህ ሁሉ ተነግሮም የሚታለል ይኖራል። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ሰዓት ከሚቀጥለው ወር ትበልጣለች። ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ባንኩ ደውሉ፤ ገንዘብ ከእናንተ ወጥቶ ከሆነ የተቀባዩ ሒሳብ ላይ ገና ሳለ መያዝ ይቻላል፣ ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ግን ጥሬ ገንዘብ ሆኗል። ሜሴጁን አታጥፉ፣ የቴሌግራም ንግግሩን አታጥፉ፣ ስልኩን አትቀይሩ። ሌባው የላከውን ሰርዞ ሊሄድ ስለሚችል ወዲያው ፎቶ አንሱት። የመኪናውን ታርጋ፣ የሾፌሩን ስልክ፣ የኬላውን ሰዓት ጻፉ፤ ቡና ያለ መንገድ አይሄድምና። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ በኮምፒዩተር አማካኝነት የሚፈጸም ማጭበርበርና ሰነድ ማስመሰል ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 958 ለብቻው ተደንግጓል። ዓቃቤ ሕጉ ይህን ያውቀዋል፤ የሚያንሰው ማስረጃው ነው፣ ማስረጃው ደግሞ በእናንተ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ማፈር የሚጎዳን እዚህም ነው። «ተበላሁ» ብሎ መናገር ስለሚያሳፍር አንዱ የቡ ላይ ዝም ይላል፣ ያው ሰውዬ በሳምንቱ ገራ ይገባል። በየማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተታለለውን ሰው ስም ሳናወጣ አታላዩ የተጠቀመበትን ስልክና ዘዴ በዕለቱ ብናሰፍር ቢያንስ ሁለተኛው ሰው ይድናል።

በመጨረሻ ለማኅበራቱና ለባንኮቹ ጥያቄ አለኝ። አንድ አቅራቢ ብቻውን «እስካጣራ ጠብቅ» ሲል ባለጌ ይባላል፤ ሁሉም ካሉት ግን ደንብ ይሆናል። ማኅበራቱ «ክፍያው በሻጩ ሒሳብ ሳይረጋገጥ መኪና ከግቢ አይወጣም» የሚል ማስታወቂያ በየመጋዘኑ በር ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጥፉ፤ ሻጩ ገዢውን ሳይሆን ግድግዳውን ያሳያል። ባንኮቹ ደግሞ ቡናው የሚሸጠው እነሱ ከዘጉ በኋላ መሆኑን ያውቃሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት የቡ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትና ጅማ ላይ አንዳንድ ቅርንጫፍ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍያ የሚያረጋግጥ አንድ ሠራተኛና አንድ የቀጥታ ስልክ ቢመድብ ወጪው ምን ያህል ነው? እንግዶቻችን ከፊት ተቀምጠዋል፤ በቅድሚያ ለዚህ መልሳቸውን እንስማ፣ ከዚያ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።